ቆቋን አሽትቶ ባዶ አፉን የሚመለስ ወጣት ውሻ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ፒያሳ አካባቢ፣ ከአያቴ ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። መቻል የሚባል የአሥራ አንድ ወር ወንድ ውሻ አለኝ። እናቱ ላብራዶር ናት፤ አባቱ አይታወቅም። ግቢ ውስጥ ኳስ ብወረውርለት ሮጦ ያመጣልኛል። የአደን ፈቃድ ያላቸው አጎቴ ባለፈው ወር ቆላ ይዘውን ወርደው ነበር። መቻል ጥይት ሲተኮስ አልደነገጠም፤ ቆቋ ወደወደቀችበት በቀጥታ ሮጠ። ከዚያ ግን አሽትቷት፣ ከንፈሩን ልሶ፣ ፊቱን አዞረና ባዶ አፉን ተመለሰ። ሁለተኛዋን ጥቂት እርምጃ ተሸክሞ ተፋት። ብቆጣውም ለውጥ የለም። ቡችላ ሳለ እንዲህ አልነበረም፤ እንዲያውም ለፋሲካ የጎረቤት አውራ ዶሮ ይዞ አያቴ በዱላ ነው ያስጣሉት። አጎቴ ‹ጆሮውን ቆንጥጠህ አፉን አስከፍተህ አስይዘው፤ እምቢ ካለ ለዘበኛ ስጠው› ይሉኛል። ምን ላድርግ?» — መ.፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ሳነብ የቆምኩት እርስዎ በአንድ መስመር አንሥተው ባለፉት የፋሲካው አውራ ዶሮ ላይ ነው። ዛሬ በኅዳር አሥራ አንድ ወር የሆነው ውሻ በፋሲካ ሰሞን የአምስት ወር ገደማ ቡችላ ነበር። ምናልባትም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ላባ ያለው፣ የሚሞቅ፣ የወፍ ሽታ ያለው ነገር በአፉ የያዘው ያን ዕለት ነው፤ ያገኘው ምላሽም ዱላና ጩኸት ነበር። በእኔ አስተያየት መቻል ሰነፍ ወይም ለአደን ያልተፈጠረ ውሻ አይደለም። ላባ ያለውን ነገር እንዳይነካ በቡችላነቱ ተነግሮታል፤ ቆላ ወርዶ ቆቋ ፊት ሲቆምም ያንን ክልከላ አከበረ። የእርስዎ ሥራ ክልከላውን በትዕግሥት ማንሣት ነው። ይህ ደግሞ በአንድ ቀን የሚሆን ባይሆንም፣ በዚህ ዕድሜ ላለ ውሻ ጨርሶ ተስፋ የሚያስቆርጥ ሥራ አይደለም።

ይህን የምለው በራሱ በውሻው አኳኋን ተመርኩዤ ነው። ጥይት የሚፈራ ውሻ ተኩስ ሲሰማ ጭራውን ሸጉጦ ወደ ሰው እግር ይጠጋል፣ ወደ መኪናው ይሸሻል ወይም ካለበት አልነቃነቅ ይላል፤ መቻል ግን ወደ ወደቀችው ቆቅ ሮጧል። የአደን ፍላጎት የሌለው ውሻ ወፏ አጠገብ ቢደርስም ሌላ ሽታ እየተከተለ ያልፋታል። ከጌታው ማምለጥ የሚፈልግ ውሻ ደግሞ ወፏን አንሥቶ ወደ ቁጥቋጦ ይሮጣል። የእርስዎ ውሻ ከሦስቱም አንዱን አላደረገም። በቀጥታ ደረሰ፣ አሸተተ፣ ከንፈሩን ላሰ፣ ፊቱን አዞረ። ምግብ ሳይቀርብለት ከንፈሩን መላስና ፊቱን ማዞር ውሻ ሲጨነቅ የሚያሳያቸው የታወቁ ምልክቶች ናቸው። ሁለተኛዋን ቆቅ ጥቂት እርምጃ መሸከሙም ፍላጎቱ እንዳልጠፋና ፍርሃቱ እንዳሸነፈው የሚያሳይ ስለሆነ፣ እኔ ይህን እንደ ጥሩ ዜና እቆጥረዋለሁ።

ሆኖም ልምምድ ከመጀመርዎ በፊት አፉ መታየት አለበት። ቡችላ 28 የወተት ጥርሶች አሉት፤ እነዚህም ከአራተኛው ወር ገደማ ጀምሮ እየወለቁ እስከ ሰባተኛው ወር ድረስ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። ስለዚህ በፋሲካ ጊዜ ድዱ የሚታመምበት ወቅት ላይ ነበር ማለት ነው፤ አውራ ዶሮውን በዱላ ሲያስጥሉት ሕመሙ በእጥፍ ተሰምቶት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ውሾች ላይ የወተት ክራንቻቸው ሳይወልቅ ከቋሚው ጎን ይቀራል፤ አጥንት ሲቆረጥም ጥርስ ሊሰነጠቅ፣ የአጥንት ስንጣሪም በድድ ውስጥ ሊሰካ ይችላል። ኳስ ማምጣቱ ብቻ አፉ ጤነኛ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ቀላል ኳስ በፊት ጥርስ ሲያዝ ግማሽ ኪሎና ከዚያ በላይ የምትመዝን ቆቅ ግን መንጋጋን ሙሉ በሙሉ ትፈልጋለች። በአካባቢዎ ያለ የእንስሳት ሐኪም ከንፈሩን ገልጦ ቢያይለት ይበቃል። ከዚያ ያለፈ ምርመራ ካስፈለገ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ላይ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። በዚያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ማሳደስም አይርሱ፤ ጫካ የሚገባ ውሻ ያለ ክትባት መውጣት የለበትም።

አፉ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ የዚያን ዕለት ሁኔታ እናስብ። ከአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ወጥቶ በአንድ ጊዜ ቆላ የወረደ ውሻ ያለከልካል። ውሻ ሰውነቱን በዋናነት የሚያቀዘቅዘው በአፉ ስለሆነ፣ እያለከለከ ወፍ እንዲሸከም መጠየቅ ትንፋሹን እንዲይዝ ከመጠየቅ አይለይም። የደረቀ አፍ ላይ ላባ ይጣበቃል፤ በተለይ የርግብና የዋኖስ ላባ በቀላሉ ስለሚነቀል ልምድ ያላቸው ውሾች እንኳ ይተፏቸዋል። ወንድ ቆቅ እንደ አውራ ዶሮ በእግሩ ላይ እሾህ መሰል ሹል ነገር ስላለው፣ ቆስሎ ገና ያልሞተ ከሆነ ሲንፈራገጥ የውሻውን ፊት ሊወጋ ይችላል። ስለዚህ አጎትዎ ለመቻል የሚተዉለት ወፍ ፈጽሞ የሞተ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ የቆሰለን ወፍ ፈልጎ ማምጣት የበሰለ ውሻ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ቁጣው ልምጣ። «ብቆጣውም ለውጥ የለም» ብለዋል። እውነቱን ለመናገር ለውጥ ነበረው፤ ያልታየዎት ለውጡ ወደማይፈልጉት አቅጣጫ ስለሆነ ነው። ውሻው የተቆጡት ወፏን ባለማንሣቱ እንደሆነ ሊረዳ አይችልም። እሱ የሚያውቀው ወፍ አጠገብ በቆመ ቁጥር የሚወደው ሰው ድምፅ እንደሚከፋ ነው፤ የአያትዎ ዱላ የጀመረውን ትምህርት የእርስዎ ቁጣ ቀጠለበት። እንዲህ ያለው ስሕተት በብዙ ቤት የሚደረግ ስለሆነ በራስዎ አይዘኑ፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ወፍ፣ ላባ ወይም ማንኛውም የልምምድ ዕቃ ባለበት ቦታ ላይ አንድም የቁጣ ቃል እንዳይወጣዎት አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ጆሮ የመቆንጠጡን ነገር አጎትዎ ከራሳቸው አላመጡትም። በውጭ አገር አንዳንድ የአደን ውሻ አሠልጣኞች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ ጆሮው ሲቆነጠጥ ውሻው ይጮኻል፣ አፉ ሲከፈት ዕቃው ይገባበታል፣ ወዲያው ሕመሙ ይቆማል፤ በዚህም ዕቃውን መያዝ ሕመም እንደሚያስቀር ይማራል። ጉዳት ሳያደርሱ ያንን ማድረግ የሚችሉ እጆች ጥቂት ናቸው፤ እኔ በማንም ውሻ ላይ እንዲደረግ አልመክርም። በመቻል ላይ ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ጎጂ ይሆናል፤ ችግሩ ራሱ ከላባ ጋር የተያያዘ ሕመም ሆኖ ሳለ በላዩ ሌላ ሕመም መጨመር ነውና። ለአጎትዎ ይህን በአክብሮት ሲያስረዱ «ጋሼ፣ እስከ ጥምቀት ድረስ ጊዜ ስጡኝ» ብለው ቢለምኗቸው የሚያስከፋቸው አይመስለኝም። ለዘበኛ መስጠቱንም እስከዚያው ድረስ ያቆዩት።

ልምምዱን የት እናድርግ ለሚለው፣ የመሀል ከተማ ግቢ ጠባብነት እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል። በቤቱና በአጥሩ መካከል ያለውን ጠባብ መተላለፊያ ይጠቀሙ፤ አንዱ ጫፍ የተዘጋ ከሆነ እርስዎ በክፍቱ በኩል ይቁሙ። ውሻው ዕቃውን ካነሣ በኋላ ያለው መንገድ ወደ እርስዎ የሚያመጣው ብቻ ስለሚሆን፣ ዞሮ የመሸሽን ልማድ ሳይጀምረው ይቀራል። ጃንሜዳን የመሰለ ሰፊ ቦታ የሚመጣው ከብዙ በኋላ ነው፤ እዚያም ቢሆን ጠዋት በማለዳ፣ ኳስ ተጫዋቾቹና ሯጮቹ ሳይበዙ፣ አሥር ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ገመድ ታስሮ ይሁን። ገመዱ እንዳይሸሽ ለመጠበቅ ነው፤ እንደ ዓሣ እየጎተቱ ለማምጣት አይጠቀሙበት።

የመጀመሪያው ዕቃ ላባ የሌለው ይሁን። ግማሽ ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ ሞልተው ክዳኑን አጥብቀው በወፍራም ሸራ ወይም በጆንያ ጨርቅ ጠቅልለው ቢሰፉት ክብደቱ ከአንዲት ትንሽ ቆቅ ጋር ይቀራረባል። ልምምዱ ሲያበቃ ዕቃውን ከፍ አድርገው ያስቀምጡት፤ እንደ መጫወቻ ቀኑን ሙሉ የሚያኝከው ነገር ክብሩን ያጣል፤ ፕላስቲክ መዋጥም አደገኛ ነው። በአንድ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብቻ ይወርውሩ፤ ውሻው ገና «ጨምርልኝ» እያለ ሳለ ያቁሙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ውሻው ጥሩ ሲሠራ ደስ ብሎት ይቀጥላል፣ ይቀጥላል፣ ውሻው ሲሰለቸው ያቆማል፤ በመጨረሻ በውሻው አእምሮ የሚቀረው መሰልቸቱ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጥንቃቄ የሚሻው ውሻው ዕቃውን ይዞ ወደ እርስዎ የሚመጣበት ቅጽበት ነው። ፊት ለፊት ቆመው እጅዎን ዘርግተው አይጠብቁት፤ በእሱ ዓይን ይህ አያትዎ ዱላ ይዘው የመጡበትን አኳኋን ይመስላል። ጎንዎን ሰጥተው ቁጢጥ ይበሉ፣ ወይም ጀርባዎን ሰጥተው ከእሱ እየራቁ ጥቂት እርምጃ ይራመዱ፤ የሚሄድን ሰው መከተል የውሻ ተፈጥሮ ስለሆነ ፍጥነቱን ይጨምራል። ሲደርስ ዕቃውን ወዲያው አይቀበሉት። አፉ ላይ እንደያዘ ደረቱንና ጎኑን እያሻሹ በለሰለሰ ድምፅ ያመስግኑት፤ መያዙ ራሱ የሚያስመሰግን ሥራ መሆኑን እንዲያውቅ የሚያደርገው ይህ ነው። ቤት ውስጥ የአያትዎን ነጠላ ጫማ ይዞ ሲሮጥ ተባርሮ የሚነጠቅ ከሆነም ይህ ልማድ ዛሬውኑ ይቁም። የሚነጠቅ ውሻ አንድም መሸሽን፣ አንድም ጥርሱን ነክሶ መያዝን ይማራል፤ ነክሶ የሚይዝ ውሻ በኋላ ወፏን ጨፍልቆ ነው የሚያመጣት።

ለመቀበል ሲፈልጉ ዕቃውን በእጅዎ ይያዙት እንጂ አይጎትቱት፤ ሳያንቀሳቅሱ «ስጥ» ብለው ይጠብቁ፣ ሲለቅ ትንሽ ቁራሽ ነገር ከኪስዎ አውጥተው ያጉርሱት። ቁራሹ ከመረከብዎ በፊት መታየት የለበትም፤ ምግብ በእጅ ካየ ዕቃውን መንገድ ላይ ጥሎ ወደ ምግቡ ይሮጣል። ለመላክ «አምጣ» የሚለው ቃል ይበቃል። «ያዝ» የሚለውን ግን ይተዉት፤ በብዙ ግቢ ዘበኞች «ጃስ» እና «ያዝ» እያሉ ውሻን በሰው ላይ ስለሚያነሣሡበት፣ ለወፍ ማምጣት ያንኑ ቃል መጠቀም ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ይህን ያለ ማመንታት ሲሠራ ላባ ይጨመራል፤ የሚጨመረውም በጥቂት በጥቂቱ ነው። በመጀመሪያ ሁለት ሦስት ላባዎችን ጨርቁ ላይ ይስፉ። ዕቃውን ሳይወረውሩ መሬት ላይ ብቻ ያስቀምጡት፤ እርስዎም ራቅ ብለው ሌላ ነገር የሚሠሩ ይምሰሉ። ቢያሸተው ያመስግኑት፤ ቢያነሣው አብዝተው ያመስግኑት፤ ከንፈሩን ልሶ ፊቱን ቢያዞር ምንም ሳይሉ ዕቃውን አንሥተው በማግሥቱ አንድ ላባ ብቻ ይዘው ይመለሱ። በዚህ ደረጃ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ከሌሎቹ ሁሉ ቢረዝም አይቆጭዎት፤ የፋሲካው ትምህርት የሚፈታው እዚሁ ላይ ነው። ቀጥሎ ሙሉ ክንፍ ይታሰርበታል፤ ከዚያ በኋላ አጎትዎ ያመጧት፣ በደንብ በፌስታል ተጠቅልላ ፍሪዘር ውስጥ የቆየች ቆቅ ቀዝቃዛ ሆና፣ ግን በረዶዋ ሟሙቶ፣ በአሮጌ ስቶኪንግ ተሸፍና ትቀርባለች። ስቶኪንጉ ላባው ምላሱ ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ ሽታውን ግን አይከለክልም። በመጨረሻ ስቶኪንጉ ይወጣል። ቀዝቃዛ ወፍ ያለ ማመንታት የሚያመጣ ውሻ እንኳ ገና ትኩስ በሆነችው ፊት ሊያመነታ ስለሚችል፣ ያ ቢሆን አይደንግጡ፣ አይቆጡትም። አንዴ የሟሟችን ወፍ ግን መልሰው አያቀዝቅዟት፤ ለዚያ ቀን ተጠቅመው ይጣሉት። በሽታ የገደለው ዶሮ ላባም ፈጽሞ ወደ ልምምዱ እንዳይገባ፤ ፈንግል ሰፈሩን ሊያዳርስ ይችላል።

ወቅቱም ለእርስዎ ምቹ ነው። የገና ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ አያትዎ የሚጾሙ ከሆነ እስከ በዓሉ ድረስ በግቢው ዶሮ አይገባም፤ ያለ ላባ የሚደረገውን ልምምድ ሁሉ በዚህ ጸጥታ ውስጥ መጨረስ ይችላሉ። ለገና ዶሮ ሲታረድ፣ ፍል ውኃ ውስጥ ሳይነከር በፊት፣ ረጃጅሞቹን የክንፍ ላባዎች ደረቅ ሆነው እንዲያስቀሩልዎት አያትዎን ይለምኑ። ነገር ግን ዶሮው እግሩ ታስሮ ግቢ ውስጥ በሚያድርበት ጊዜ መቻል ከእሱ ጋር መገናኘት የለበትም። አምልጦ ቢይዘው እንደገና ይመታል፤ ባይይዘው እንኳ እዚያው ታስሮ ሲመኝ መዋሉ የልምምዱን ፍሬ ያበላሻል። ለሁለት ቀን ያህል ሌላ ቦታ ይታሰር ወይም ቤት ውስጥ ይዋል።

አያትዎን በተመለከተ፣ የጎረቤት ዶሮ ማስጣላቸው ተገቢ ነበር፤ በተጠጋጋ ሰፈር ዶሮ የሚይዝ ውሻ ከጎረቤት ያጣላል። ያ ደንብ አሁንም ይጸናል፤ የሚለወጠው አጠባበቁ ነው። በእግሩ የሚሄድ ዶሮ ባለበት መቻል በገመድ ይያዝ፤ ከሩቅ አይቶት ወደ እርስዎ ዞር ባለ ቁጥር ይመስገን። ውሻ በራሱ ዘሎ የሚይዘውን ሕያው ዶሮና «አምጣ» ተብሎ የሚላክበትን የወደቀ ወፍ መለየት ይችላል፤ የሚለየው ግን ሁለቱም ነገሮች በቤቱ ሰዎች ሁሉ ዘንድ በአንድ ዓይነት መንገድ ሲያዙ ነው። ስለዚህ አያትዎ ዱላውን እንዲተዉልዎትና ልምምዱን አንድ ቀን ቁጭ ብለው እንዲያዩ ይጋብዟቸው። መቻል ላባውን ይዞ ሲመጣ እሳቸውም ቢያመሰግኑት፣ ከእኛ ከሁላችን ምስጋና ይልቅ የእሳቸው ዋጋ ይኖረዋል፤ ዱላው በእጃቸው ነበረና።

ስለ ዘሩ የጠየቁት ነገር ባይኖርም አንድ ነገር ልበል። ላብራዶር የብሪታንያ የውሾች ማኅበር በ1903 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ራሱን የቻለ ዘር ብሎ የመዘገበው፣ የወደቀ ወፍ ከየብስና ከውኃ እያመጣ የኖረ ውሻ ነው። በመቻል ደም ግማሹ ያ ነው፤ ሌላው ግማሽ አይታወቅም። ኳሱን በፍላጎት ማምጣቱ የእናቱን ወገን እንደያዘ ያሳያል። ሆኖም ጥሩ ልምምድ ተደርጎለት፣ ፍርሃቱም ለቅቆት፣ ወፍ ማንሣት የማያስደስተው ሆኖ ቢገኝ እንኳ ወፍ ፈልጎና አስነሥቶ የሚያገለግል ውሻ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ለአጎትዎ ትንሽ አገልግሎት አይደለም።

በመጨረሻ ወደ ቆላ የምትመለሱበት ቀን ሲደርስ፣ አጎትዎ ፈቃዳቸው የሚሸፍናቸውን የወፍ ዓይነቶችና ቦታዎች እንደገና ይዩ፤ የዱር እንስሳ አደን ያለ ፈቃድ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ቆቅ ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአባይ ሸለቆና በገባሮቹ ገደላ ገደል የምትኖረው፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኘው ቆቅ ጥበቃ የሚያስፈልጋት ናት። ውኃ ይዛችሁ በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ውጡ። መቻል ተኩሱን ሰምቶ እንዳይሮጥ በገመድ ይያዙት፤ ወፏ ወድቃ፣ መሞቷ ተረጋግጦ፣ እሱም ትንፋሹን ሰብስቦ ሲረጋጋ ብቻ «አምጣ» ብለው ይልቀቁት። ሲሄድ ዝም ይበሉ። ቢያሸትና ቢያመነታ ጀርባዎን ሰጥተው ጥቂት እርምጃ ይራመዱ እንጂ አይጥሩት፣ አይጠጉት። ይዟት ከመጣ ቁጢጥ ብለው እስኪጠግብ ያመስግኑት፤ ከዚያም ወደ መኪናው ይውሰዱትና የዕለቱ ሥራው እዚያ ያብቃ። በዚያ ቀን ሁለተኛ ወፍ ብትወድቅ አጎትዎ ራሳቸው ሄደው ያንሷት።